የተገለበጠው ሽርጥ

እትዬ ካውያን በደንብ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም። እኔ የተቀደደ አንሶላ የምጠግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ የሆስፒታሉን ልብስ ሲተኩሱ በመሃላችን ባለው መስኮት አያቸዋለሁ። ትክክለኛ ስማቸውን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

በብርድ ወራት ከሆስፒታሉ ሁሉ የሚሞቀው ልብስ ማጠቢያው ነው። የሰዉ በዓል የሚደራረበውም ያኔ ነው። ማሽን የምታዞረው ሴት የጌታን ልደት ታከብራለች። የታጠበውን የምታጥፈው አጣፊዋ አይሁዳዊት ናት፤ በበዓሏ ስምንት ምሽት፣ በየምሽቱ አንድ ሻማ እየጨመረች ታበራለች። የጋሪ ገፊው በዓል ከጨረቃ ጋር ስለሚዞር ዘንድሮ ብርዱ ላይ ወደቀ።

ማጠቢያው የራሱ ልማድ አለው። በዓሉ የደረሰ ሰው ሽርጡን ገልብጦ በሩ አጠገብ ይሰቅለዋል፤ በዓሉ ያልሆነ ባልደረባ አውርዶ ከራሱ ሽርጥ ላይ ይደርበውና የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ ይውላል። ውለታ ብሎ የሚያነሳው የለም።

አዲሱ ኃላፊ መጣና ይህን ከለከለ። ለሁሉም አንድ የጋራ የበዓል ቀን ይኖራል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ በሌላ ቀን የቀረ ግን ይባረራል አለ።

የመጨረሻው ሻማ ምሽት ሲደርስ አጣፊዋ የማታ ተረኛ ነበረች። የእናቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ክብሪቱን የምትጭርላቸው እሷ ናት። ሽርጧን ገልብጣ ይዛ ቆመች፤ ልትሰቅለው ግን ፈራች።

"ስቀይው እንጂ" አሏት እትዬ ካውያ።

"ያባርረኛል፣ እትዬ።"

"መጀመሪያ እኔን ያግኝ።" ሽርጡን ከእጇ ቀምተው ደረቡት። "ሂጂ፣ እናትሽን ጨለማ ውስጥ አታስቀምጪ።"

ኃላፊው ሲገባ እትዬ ካውያ ሁለት ሽርጥ ለብሰው ይተኩሱ ነበር።

"እትዬ፣ ያልኩትን ረሱት?"

"አልረሳሁም። እንቢ ብዬ ነው።"

"ሁሉም እኩል ይሁን ብዬ እኮ ነው።"

"ልጄ፣ ነጩንና ባለቀለሙን አንድ ላይ ቀቅለህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኩል ይሆናል። ሁሉም አመድ መስሎ ይወጣል።"

ጋሪ ገፊው ሳቁን በፎጣ አፈነ። የኃላፊው ፊት ጠቆረ።

"ላባርርዎት እንደምችል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ አንሶላ እየጠበቀ ነው። ሁለቱንም ሽርጥ ላውልቅልህ? ሰፋ ያለ ነው፣ ይበቃሃል።"

ካውያውን እጀታውን ወደ እሱ አዙረው ያዙለት። ኃላፊው ሳይቀበላቸው ወጣ። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። ከዚያ በኋላ ግን የጋሪ ገፊው ሽርጥ ተገልብጦ ሲሰቀል ማሽን የምታዞረው ማንንም ሳትጠይቅ አወረደችው። ኃላፊው አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ይህን ሁሉ ዓመት የእትዬ ካውያ ሽርጥ ተገልብጦ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን የጠገንኩትን ላቀብል ስገባ እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ የእርስዎስ በዓል መቼ ነው?"

የአንሶላውን ጫፍ አቀበሉኝ።

"እሱን አልነግርሽም። ይልቅ ወጠር አድርገሽ ያዥልኝ።"