ያልተቆጠሩት የዓሣ እንቁላሎች

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ ሥራው ምን እንደነበር ሰው ሲጠይቀኝ ማስረዳት ይቸግረኛል። ምፅዋ ላይ፣ ለመራባት ወደ ዳርቻው የሚመጡት ሰርዲን የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ምን ያህል እንደሆኑ ይገምት ነበር። ብዛታቸው ካልታወቀ መረቡ እናቶቹን ይጨርሳል ይል ነበር።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ክረምት፣ ከእናቱ ጋር ወደምኖርበት ቡታጅራ ለእረፍት ሲመጣ የዓሣ እንቁላል የሞላባቸው ጠርሙሶች ይዞ መጣ። ሥራውን ሳይጨርስ የመጣው ለእኔ ብሎ ነው። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የመጀመሪያው ጨንግፎብኝ ነበር።

ከወርቅ ሠሪ ሚዛን ተውሶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከአንዲት ዓሣ ሆድ የወጣውን እንቁላል በሙሉ ይመዝናል። ከዚያ ቁንጣሪ ወስዶ ለብቻው ይመዝንና በመርፌ ጫፍ እየለየ ይቆጥራል። አንዷ እናት የምትጥለውን በዚህ ያገኛል፤ ከባሕሩ ላይ ከተቀዳው ተንሳፋፊ እንቁላል ጋር አስተያይቶ ደግሞ የእናቶቹን ብዛት ይገምታል።

አማቴ ገና ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በእሳቸው ቤት ጥጃም ልጅም አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል።

«አንተ ልጅ፣ የእናት ሆድ ቆጥሮ ደመወዝ የሚበላ አንተን አየሁ! ያውም እርጉዝ ባለችበት ቤት!»

«እማዬ፣ ዓሣ እኮ ነው።»

«ዓሣስ እናት አይደለችም?»

እኔም ፈራሁ። እጄ ሆዴ ላይ መሆኑን ሲያይ መርፌውን አስቀመጠ።

«የምቆጥረው ይቺን ቁንጣሪ ብቻ ነው» አላቸው። «የቀረውን እገምታለሁ።»

«እርግጡን አታውቀውም?»

«ማንም አያውቀውም።»

አማቴ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እንግዲያው ከቁንጣሪዋም ጥቂት ሳትቆጥር አስቀርላት።»

ባለቤቴ ጥቂት እንቁላሎችን ወደ ሳህኑ ጠርዝ በመርፌው ገፋ አድርጎ ተዋቸው።

«ሒሳቡ አይበላሽብህም?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«የተውኳቸውን ከሚዛኑም አወጣቸዋለሁ። ደግሞስ ግምት አይደል? ይችለዋል።»

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ጠርሙሶቹን ወደ ጥላ የሚያዞሩለት አማቴ ነበሩ።

ለመስቀል፣ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ፣ ለሥራ ከተመለሰባት ከምፅዋ ወደ አገር ሲገባ ልጃችን ተወልዳ ጠበቀችው። አቅፏት ተቀመጠና የእግሯን ጣቶች እየነካ «አንድ፣ ሁለት» ማለት ጀመረ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን አማቴን ቀና ብሎ አየ።

የመጨረሻዋን ትንሽ ጣት በአውራ ጣቱ ሸፈናት።