በምራቅ የተመረቀ ጫት

የበደለችኝ የባሌ እህት ናት። ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሴቶች ለዱዓ ቤቷ በተሰበሰቡበት።

ከለቅሶው በኋላ ኑሮዬ ቀን ጫት፣ ማታ አረቄ ሆኖ ነበር። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ አረቄው ያስተኛኛል። እስላም ሴት አረቄ ስትጠጣ የሸዋ ሮቢት ሰው ምን እንደሚል ስለማውቅ በጓሮ ነበር የማስመጣው። ጠዋት ጠዋት እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከሱስ ለሚታከሙ ሴቶች የተለየ ክፍል ነበር። ሌሎቹ በመኪና መንገዱ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ የተከናነብኩት አርጎባ እኔ ብቻ። ነርሷ የደብረ ሲና ልጅ ነች። "እማማ፣ ጫቱን ካልተዉ አረቄው አይለቅዎትም" አለችኝ። ሁለቱንም ተውኩ። ላቡና ትውከቱ አለፈልኝ፤ ምግብ መብላት ጀመርኩ።

ይህን ለባሌ እህት ብቻ ነገርኳት፤ ዱዓው ላይ ጫት እንዳትሰጠኝ ብዬ።

በዚያ ሐሙስ ቤቱ በቆላው ሙቀት ላብ ላብ ይሸታል። መሀል ላይ ተቅሞ የተረፈው ገራባ ተከምሯል። እሷ ጉንጯን ወጥራለች፤ ጥርሷ አረንጓዴ ነው። ጫት አነሳች፣ መረቀች፣ እትፍ እትፍ አለችበት። ምራቋ ቅጠሉ ላይ ሲያበራ አየሁት። ዘረጋችልኝ።

"እትዬ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ" አልኳት በቀስታ።

"ነግረሽኛል" አለች ሁሉም እንዲሰማ። "ከመሸታ ቤት ሴቶች ጋር ተቀምጠሽ አረቄ ልትተዪ ነው። ደግ። ዱዓ የተደረገበትን ቅጠል ተዪ ያለሽ ግን ማነው? ያቺ የክርስቲያን ልጅ?"

"ለአረቄ የሚከፈት አፍ ለዱዓ ተዘጋ" አለች ከጎኗ ያለችው። ሳቁ።

በእኛ ዘንድ የተመረቀ ጫት መመለስ ዱዓውን መመለስ ነው። ተቀበልኩ። ከነምራቋ ቃምኩት። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ፤ በማግስቱ አረቄ አስመጣሁ።

የባሌ እህትም ይህን ስትሰማ "አላልኳችሁም? የሐኪም ነገር እንዲህ ነው" እያለች አወራች።

ወደ ጤና ጣቢያው ስመለስ ነርሷ አልተቆጣችኝም። "እንደገና እንጀምራለን" አለች። ጀመርን።

የሐሙሱን ዱዓ ተውኩ፤ ቤቴ ብቻዬን እሰግዳለሁ። ባለፈው ክረምት የባሌ እህት በጠና ታመመች። ሂጂና ጠይቂያት አሉኝ። አልሄድኩም።