በእድሩ መዝገብ «እህት» ብዬ የጻፍኳት ሴት

እንጅባራ ክረምቱ ሲጠና ደንበኛ ይጠፋል። የስፌት መኪናዬ የቆመችው በጨርቅ ነጋዴው በሐጂ በረንዳ ላይ ነውና ሥራ ሲቀዘቅዝ ሐጂ ስልካቸውን ጣቃው ላይ አስደግፈው ዜና ያሰሙኛል። የዚያን ቀን የመጣው በሩቅ አገር ምክር ቤት ስለሚደረግ ክርክር ነበር። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት በሕግ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ ይባባላሉ።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉና ሐጂ ሊያጠፉት እጃቸውን ሰደዱ።

«ቆይ እስቲ ሐጂ፣ ምን እንደሚሉ ልስማው።»

«ምን ይረባሻል?»

«ለወሬ ነዋ! እኔን ያጡኛል?»

ሳቁና ተዉልኝ። ከምክር ቤቱ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ተነሥታ አብራት ብዙ ዘመን የኖረችው ሴት ስትታመም ሐኪም ቤት «ምኗ ነሽ?» ተብላ መልስ እንዳጣች ተናገረች። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ተነሣ። ጋብቻ ከሕግ በፊት የነበረ ነገር ነው፣ እጅ አውጥተን የምንለውጠው አይደለም አለ። እሷ ስትናገር እውነቷን ነው አልሁ፤ እሱም ሲናገር ቤተ ክርስቲያን ያደግሁበት ነገር ነውና ልክ መሰለኝ። ይህንኑ ለሐጂ ብነግራቸው «አንቺን ዳኛ ያደረገ አገር ወየውለት!» አሉኝ።

እኛ አገር ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው። ክርክሩ የእኛ አይደለም ብዬ ወደ መርፌዬ ተመለስሁ። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ኖሯል።

እኔ የሴቶች እድራችን ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ቤት የላከኝ የለም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ሲሰጡኝ በደስታ መሬት ጠበበችኝ። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር አለው። ከአባሏ ጎን፣ ሲሞቱ ድንኳን የሚቆምላቸው ሰዎች ይጻፋሉ፤ ባል፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም።

ከጓሮዬ ማዶ ሁለት ሴቶች ይኖሩ ነበር። አንደኛዋ የዚሁ የአዊ አገር ተወላጅ፣ የጥርባ ልጅ ናት፤ ድንች ትሸጣለች። ሁለተኛዋ ከቢቸና የመጣች ጥጥ ፈታይ ነበረች። በአንድ ቤት ሲመዘገቡ «ምኗ ነሽ?» ብዬ ድንች ሻጯን ጠየቅኋት።

«አብረን ነው የምንኖር» አለችኝ።

«አብረን» የሚባል ቦታ መዝገቡ ላይ የለም። ባዶ ቦታ ደግሞ እኔ አልወድም። «እህት» ብዬ ጻፍሁ። ምናቸው እንደሆኑ ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም፤ ጎረቤት እንዲያ አይጠየቅም።

ያ ዜና በተሰማ ሰሞን፣ እድሩ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በተሰበሰበበት እሑድ፣ ፈታይዋ እግሯ አብጦ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች። ድንች ሻጯ ብቻዋን ጥግ ተቀምጣለች። አንዲት ቅቤ ነጋዴ አለች፤ አፏ ስለት ነው፣ ለቅሶ ላይ ግን ቀድሟት የሚደርስ የለም። እሷ ተነሣች።

«የፈረንጁን ጉድ ሰምታችኋል። እኛ ቤት ሳይደርስ በር እንዝጋ። ጋብቻ የወንድና የሴት ነው፣ አንድ ቤት ማለትም ባልና ሚስት ነው ተብሎ ደንባችን ላይ ይጻፍ።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

«እንግዲያ እነዚያ ሁለቱ ይሰረዙ» አለች ከመሐል ሌላዋ። «እህት ተብለዋል አሉ። አንዷ የቢቸና፣ አንዷ የጥርባ! እናታቸው በአውቶብስ ስትሄድ ነው ያማጠች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ገባኝ። ከተሰረዙ ፈታይዋ የሞተች ዕለት በራቸው ላይ ድንኳን አይቆምም። አስከሬኗን ዞረው ያላዩዋት ዘመዶቿ ይወስዱታል፤ ድንች ሻጯም እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ትቆማለች።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «ጸሐፊ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እህትማማች ናቸው?»

ብዋሽ መዝገቡን ነው የማረክሰው። «አይደሉም» አልሁ። «እነሱም አላሉኝም። እኔ ነኝ ያልኋቸው።»

ድንች ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተነሥታ ቆመች።

«እውነቷን ነው። እህቴ አይደለችም። እህቶችማ አሉኝ፤ መሬት ስንካፈል አይቻቸዋለሁ።» አንዳንዶች ፈገግ አሉ። «ፈረንጅ የሚለውን አላውቅም። እኔ ገበያ ስውል እሳቷን የምትጠብቅ እሷ ናት። አሁን ደግሞ እኔ አጥባታለሁ። እንዲህ ናችሁ በሉን ብዬ አልለመንኋችሁም። የሞተች ዕለት በሬ ላይ ድንኳን ይቆማል አይቆምም? እሱን ንገሩኝ።»

«ኧረ አንቺ፣ እኔኮ በአንቺ አላልሁም…» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«በማን ነው ታዲያ? ሞተን እንዳንቀበር ነው ያልሽ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳል ሳል አሉ። «ባልና ሚስት ብቻ ከሆነማ እኔም ልውጣ፤ የምኖረው ከምራቴ ጋር ነው።» ሌላዋ ቀበል አድርጋ «የእኔው ባል ጫግኒ ሄዶ ሌላ አግብቶ ተቀምጧል። እኔን ምን ልትሉኝ ነው?» አለች። ጫጫታ ሆነ።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለው እንዲጻፍ እጅ አስወጣች፤ አወጣሁ። በአንድ ቤት የተመዘገበ ሁሉ እንዳለ ይቆይ ስትልም አወጣሁ። ሁለቱም ጸደቁ። «እህት» የሚለውን ሰርዤ ቦታውን ባዶ ተውሁት። በዚያ ሁለት ጊዜ ባወጣሁት እጅ ስንት ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟገትሁ! ዛሬም ስለዚያ የሩቅ አገር ሕግ ብትጠይቁኝ የጠራ መልስ የለኝም።

ፈታይዋ ከመስቀል በኋላ ዐረፈች። ድንኳኑ ቆመ። ረፋድ ላይ ወንድሟ ከቢቸና ሰው አስከትሎ ደረሰና አልቅሶ ሲያበቃ፣ አስከሬኑን ወደ አገሯ እንደሚወስድ ተናገረ። ድንች ሻጯን ከምንጣፉ ራስ ተቀምጣ ሲያያት «እኒህ ሴትዮ ምኗ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ድንች ሻጯ አንገቷን ደፍታ በአዊኛ ለራሷ ታጉተመትማለች።

ቅቤ ነጋዴዋ ንፍሮ የያዘችበትን ሰፌድ አስቀምጣ መሐላቸው ገባች።

«ወንድምዬ፣ ኀዘንተኛዋ እኒህ ናቸው። ያስታመሙም እኒህ፣ ዐይኗን የከደኑም እኒህ። መቃብሩ ከጧት ጀምሮ እየተቆፈረ ነው። ከመንገድ ነው የመጣችሁ፤ ግቡና ዐረፍ በሉ።»

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። ከሰባ የማያንሱ የእድር ሴቶች ያዩታል። ባርኔጣውን አወለቀና ተቀመጠ። ፈታይዋን እዚሁ ቀበርናት።

ከወር በኋላ ገበያ ላይ ከቅቤ ነጋዴዋ ቅቤ ስገዛ «የዚያን እሑድ ያልሽውንና የለቅሶውን ዕለት ያልሽውን እንዴት አስታረቅሻቸው?» አልኋት።

«ምን አጣላቸው ብለሽ?» አለችኝና ቅቤውን ኮባ ላይ አገላብጣ ጠቀለለችልኝ።