ቲማቲሙ መንገድ ላይ ሳለ

አይሱዙው ከአዋሽ ተነሳ ከተባለበት ደቂቃ ጀምሮ ደረቴ ይጨመደዳል። ቲማቲሙ የኔ ነው፤ መኪናውን የሚነዳው የሚስቴ ወንድም ነው። እሱ መሪ ይዞ ይነዳል፣ እኔ ሰመራ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ በስልክ እነዳለሁ። የት ደረስክ? ቲማቲሙ እንዳይታፈን ሸራውን ገለጥ አድርገኸዋል? ስልኩን ካላነሳ ተገልብጧል ማለት ነው። ካነሳ ደግሞ ጫት ቤት ቆሟል።

ልቤ ነው ብዬ ዱብቲ ሆስፒታል ሄድኩ። መርምረው ወደ አንዲት ወጣት ነርስ መሩኝ።

"ልብዎ ደህና ነው ጋሼ፣ ጭንቀት ነው" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት ዝም ብለው ተቀምጠው ትንፋሽዎን ይከታተሉ። ሐሳብ ሲመጣ አይከራከሩት፣ አያባርሩት። 'ይኼ ሐሳብ ነው' ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ።"

"መድኃኒቱስ?"

"እሱ ነው።"

በዚያ ሙቀት ሚኒባስ ውስጥ ተጠብሼ የሄድኩት ተቀመጥ ለመባል ነው። ባለሱቅ ነኝ፤ ከመቀመጥ ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ? እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት የሚስቴ ወንድም ገዋኔ አካባቢ የኔን ስልክ ለማንሳት ጎንበስ ሲል፣ መንገድ ከሚያቋርጡ ግመሎች ጋር ሳይላተም ለጥቂት ተረፈ። ሰመራ ደርሶ ከጋቢናው ሲወርድ ሰላም እንኳ አላለኝም።

"ወላሂ፣ ከእንግዲህ እየነዳሁ ብትደውል ዕቃህን ሌላ ሰው ይጫንልህ። ላንተ ሸቀጥ ብዬ ልጆቼን የቲም አላደርግም።"

ሌላ ሾፌርማ ሞልቷል። ሚሌ ላይ ቆሞ ሲቅም ቲማቲሜን ድልህ የሚያደርግልኝ።

ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰጋጃዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ በንዴት። ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ፤ ከዚያ ቲማቲም። ይኼ ሐሳብ ነው። ደግሞ ቲማቲም። ሶላት ላይ ሳይቀር ቲማቲም ስመርጥ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የመናኸሪያ ደላላ ሞልቷል፤ ሁሉም "ግባ፣ ሊሄድ ነው" እያለ ይጎትተኛል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ከሁሉ ያበሳጨኝ ንዴቴ ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው ሥሩ ፍርሃት ሆኖ አገኘሁት። ሰፈሩ ሁሉ ኃይለኛ የሚለኝ ሰውዬ ለካ ፈሪ ነው።

በሚቀጥለው ጭነት የሚስቴ ወንድም ከአዋሽ ደውሎ "ተነሳሁ" አለኝና ዘጋው። ስልኬን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ተገልብጧል። ይኼ ሐሳብ ነው። ሸራውን አልገለጠም። ይኼም ሐሳብ ነው።

"ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አለችኝ ሳጉተመትም የሰማች አንዲት ደንበኛ።

"ከራሴ።"

"ማን እያሸነፈ ነው?"

"ሽንኩርትሽን ምረጪ።"

እጄ እየበላኝ አልደወልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ባለካፌው ስልኩን ይዞ ብቅ አለ። "የሚስትህ ወንድም ነው፤ ሚሌ ቆሟል። ያ ሰውዬ በሕይወት አለ ወይ ይላል።"

ስልኩን ነጠቅኩት። "አትደውል ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"እንዲህ ጭጭ ትላለህ ብዬ መች አሰብኩ? ታሞ ይሆን፣ ወድቆ ይሆን እያልኩ ነው የነዳሁት።"

"ታዲያ ለኔ አትደውልም?"

"ሌላ ሰው አንስቶ መርዶ ቢነግረኝስ ብዬ ፈራሁ።"

ደሜ ፈላ። "ቲማቲሜን ፀሐይ ላይ አቁመህ ስለኔ ትጨነቃለህ? ንዳ እንጂ።"

ሳቀብኝ። "እሺ፣ እነዳለሁ። ለሚቀጥለውስ ምን ልጫንልህ?"

ሌላ ሾፌር ፍለጋ አልሄድም ማለት ነው። ደረቴን አዳመጥኩት፤ አሁንም እንደተጨመደደ ነው።

"ሽንኩርት ጫን" አልኩት። "ቲማቲም እየጠበቁ ዝም ማለት ገና አልቻልኩበትም።"