ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ ስሜን ተራራ ላይ፣ ከጊጭ ሜዳ ጫፍ ነው። በጸጥተኛነቴ የምታወቅ ሴት ነኝ፤ ይህን ነገር ለሰው ስነግር ግን ድምፄ ከፍ ይላል፣ እጄም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ በወጉ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት የጀመርሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ፊደል ያስቆጠረኝ በዘጠኝ ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ምስጋናው ነው። ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደራችን፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩን ይዘረጋና በስንጥር እያመለከተ እንደ አስተማሪ ይጮህብኝ ነበር። ድምፁ ለጉድ ነበር። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መዝሙሩን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች በሱ መዝሙር ሰዓት ያውቃሉ ይባል ነበር።

ያ ልጅ አድጎ ወታደር ሆነ። ቆስሎ፣ ተሰናብቶ ሲመጣ ቁስሉ ድኖ ነበር፤ ድምፁ ግን አብሮት አልመጣም። ሐኪሞች አይተው ጉሮሮው ደህና ነው አሉ። እሱ ግን የሚያወራው በሹክሹክታ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ሲጠየቅ። ሳህን ከወደቀ ተነሥቶ ይወጣል። በር ከተንኳኳ ጓዳ ይገባል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በመጨረሻ ወደ መተማ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ሊይዝ እንደቆረጠ ነገረኝ። ከሄደ እንደማይመለስ ገባኝ። ጠየቅሁት፤ አልካደም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማኅበር የቀድሞ ወታደሮችን አምስት ቀን ስሜን ላይ በእግር ሊያስኬድ መሆኑን ሰማሁ። ስብሰባ የለ፣ ሥልጠና የለ፤ መሄድ፣ አብሮ መብላት፣ በድንኳን ማደር ብቻ። ስምና ዕቃ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጉ ስለነበር እኔ ገባሁ፤ ምስጋናውንም አስመዘገብሁ።

«ሁለት ቀን እሄድልሻለሁ፤ ለአንች ብዬ። ከዚያ መተማ» አለኝ።

ሁለት ቀን አያንስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከቡይት ራስ መሄድ ስንጀምር ወታደሮቹ ስምንት ነበሩ። አስጎብኛችን ደጉ የሚባል የደባርቅ ልጅ ነው። በፓርኩ ደንብ መሠረት ጠመንጃ የያዙ ጠባቂም አብረውን አሉ፤ አያ ሞላ ይባላሉ፤ ስድሳን ያለፉ ቢሆኑም ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የሚወጡት። ደጉ በነፃነት ሂዱ፣ ተጫወቱ፣ ፎቶ አንሡ ብሎ አስጀመረን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ዞር ብዬ ባይ ስምንቱም ባንድ መስመር ተሰልፈው፣ በመካከላቸው አምስት አምስት እርምጃ ለቅቀው ነው የሚሄዱት። ማንም አላዘዛቸውም። ደጉ ኧረ ተቀራረቡ እያለ ቢለምን እሽ ይሉትና ካፍታ በኋላ ያው ይሆናሉ።

ከስምንቱ አንዷ ሴት ናት፤ ሃምሳ አለቃ ትርንጎ። ድንኳን የተጋራሁት ከሷ ጋር ነው። ሳንቃ በር ሰፍረን ራት ሲቀርብ ከውስጥ ሆና ጠራችኝ። ዝም አልሁ። ደገመችኝ፤ ዝም አልሁ። በሦስተኛው አቤት ስላት ብቅ ብላ፣ «ጆሮሽ ነው ወይስ ኩራትሽ?» አለችኝ።

ማፈሬን ያየ ምስጋናው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ አስረዳልኝ። እናታችን ልጆች ሳለን ያጠበቀችብን ነገር ነው፤ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ፊቱን ያላየኸው ድምፅ ስምህን ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳይጠራህ አቤት አትበል። ክፉ መንፈስ ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠራም ይባላል። ምስጋናው ጦር ሠራዊት ሲገባ ተወው፤ እዚያ ባንድ ጥሪ ካልመለስህ ጉድ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ እንኳ አልለቀቀኝም።

«የተማረ ሰው እኮ ነው የባሰ የሚፈራ» አለች ትርንጎ።

በማግሥቱ ጠዋት ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው ሜዳውን ሞሉት። ሳር እየነጩ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ብቻውን ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ያያል። ትርንጎ ወደሱ እያመለከተች፣ «እሱ ደግሞ ተረኛ ነው። ቀያሪው ቀርቶበት ነው መሰለኝ የከፋው» ስትል ሁሉም ሳቁ። ምስጋናው አልሳቀም፤ ትከሻው ግን ሲነቀነቅ አይቻለሁ። ደብተሬ ላይ «ምስጋናው፣ ትከሻው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍሁ። ዛሬም አለ።

በሁለተኛው ቀን ጊጭ ደረስን። በሦስተኛው ጠዋት ቦርሳውን አሥሮ አገኘሁት። ዕቃችንን ከሚጭኑት አንዱ ባለ በቅሎ ከምሳ በኋላ ገብስ ሊያመጣ ወደ ሳንቃ በር ይመለስ ስለነበር አብሮት ሊወርድ ነው። ለመንሁት። «ሁለት ቀን ነው ያልሁሽ» አለኝ። እኔም የማይገባ ነገር ተናገርሁ፤ «ሂድ። ከእንግዲህ ወዲያ ስምህን አልጠራም» አልሁት። የናታችን ልጅ እንዲህ አይናገርም ነበር።

ምሳ ሳልበላ ደብተሬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ከሰፈሩ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ የሚለውን ደንብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስምንቱንም ያስፈረምሁት እኔ ነኝ።

ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጅብራ ሥር ተቀምጬ መጻፍ ጀመርሁ፤ ጅብራ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆም የውርጭ አገር ተክል ነው። ቀና ስል ማዶ ያለው ተራራ የለም። ትንሽ ቆይቶ ሜዳውም ጠፋ። ጉሙ ከቆላው እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ወጥቶ የራሴን ጫማ ለማየት ጎንበስ እስክል ድረስ ዋጠኝ። ደጉ ጉም ከያዛችሁ ባላችሁበት ቁጭ በሉ ብሎን ነበር። እኔ ግን ሰፈሩ ቅርብ ነው ብዬ ተነሥቼ ሄድሁ።

ባጠገቤ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰው መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። ጭላዳ ነው። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ መንጋው በሞላ እያጉረመረመ ባጠገቤ አለፈ። ጥቂት እንደሄዱ ድምፃቸው አንድ በአንድ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ጭላዳ ሲሰጋ የሚገባው ወደ ገደል ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ወደ ሰፈር መስሎኝ የሄድሁት ወደ ገደሉ ኖሯል። ዱብ ብዬ ተቀመጥሁና ሳሩን በሁለት እጄ ጨበጥሁ።

«ጥሩወርቅ» የሚል ድምፅ የመጣው ይኸኔ ነው። የመጣውም ከገደሉ በኩል ነው። እንደገና «ጥሩወርቅ» አለ። ከዚያ ዝም።

ድምፅ አለት ነክቶ እንደሚመለስ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም ደፍኛለሁ። አፌ ግን አልከፈትም አለ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ቆየት ብሎ ሌላ ድምፅ፣ ያውም የሴት፣ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠፋ። አሁንም ከገደሉ በኩል ነው።

በሰፈሩ የሆነውን ኋላ ነው የነገሩኝ። ደጉ ሁለት ጊዜ ጠርቶ መልስ ሲያጣ፣ በዚህ በኩል የለችም ብሎ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሮጠ። ትርንጎም እንደሱ። አያ ሞላ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ በጉም ሰው ሲጠፋ እንደሚደረገው አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ሊተኩሱ አሉ። ትርንጎ እጃቸውን ያዘች።

«አያ ሞላ፣ ይተውት። እኛን ባንድ ጥይት ይበትኑናል።»

ምስጋናው ቦርሳውን በቅሎው ላይ አስጭኖ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም። ደገመው። «ሁለት ሁለት ጊዜ ጠርታችሁ ነው የተዋችሁት። እሷ ሦስተኛውን ሳትሰማ አትመልስም።»

እንግዲያው አንተ ጥራት አሉት። አልችልም አለ። ትርንጎ ፊቱ ላይ ቆማ፣ «እሽ፣ በሹክሹክታ ጥራታ። ገደሉ እንደሆነ ጆሮ አለው» አለችው። ይህን በማለቷ ወዲያው እንደጸጸታት ነግራኛለች። ጸጸቷ ግን ብዙ አልቆየም።

እኔ ከታች ሳሬን ጨብጬ ሳለሁ ጉሙን የሰነጠቀ ድምፅ መጣ።

«ጥሩወርቅ! አንድ!»

ማን እንደሆነ አላወቅሁም። እውነቴን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ከኛ መካከል አልነበረም።

«ጥሩወርቅ! ሁለት!»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። ሰው ከተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ ብዙ ጊዜ አይደግምም። እባክህ፣ እባክህ አንድ ጊዜ፣ እያልሁ ነበር በልቤ።

«እታለም! ሦስት!»

እታለም የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

አቤት ያልሁት ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። እንዳትነሽ፣ እኔ ነኝ የምመጣው አለኝ። የበቅሎዎቹን የጭነት ገመድ ቀጣጥለው እሱ በወገቡ ታሠረ፤ ሌሎቹ ሰባቱ ገመዱን ይዘው ተሰለፉ። በመካከላቸው አምስት አምስት እርምጃ። ደጉ ኋላ ሲናገር፣ ለሁለት ቀን ቀረብ ቀረብ በሉ እያልሁ የለመንኋቸውን እግዜር ይቅር ይበለኝ አለ።

ምስጋናው በድምፄ ተመርቶ እንዲደርስብኝ ዝም እንዳልል ነገረኝ። ምን ልበል ብለው፣ «ፊደል ቁጠሪ» አለኝ። እኔም እንደዚያ ጊዜው፣ እየጮህሁ ጀመርሁ። ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፣ መ ሙ ሚ። ሞ ላይ ስደርስ ከጉሙ ውስጥ እጅ ወጥቶ ክንዴን ያዘ።

«ሐ'ን ዘለልሽ» አለኝ። በሹክሹክታ አልነበረም።

ሰፈር ስንደርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። አያ ሞላ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ሥነ ሥርዓት ያከብራል ወይ እያሉ ይገረማሉ። ትርንጎ ሦስት ጊዜ ካልጠራሁሽ ራት አይደርስሽም ብላ ዛተችብኝ። ምስጋናው ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ አልነበረም። ባለ በቅሎው መጥቶ እንሂድ እንዴ፣ መሸብን ሲለው፣ ምስጋናው ዞር ብሎ ቦርሳውን ራሱ ፈታና አወረደው። «ሂድ አንተ፤ ገብሱን አምጣ» አለው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ነገሩን የማበላሽ መስሎ ተሰማኝ።

ጉሙ ሲገለጥ ደጉን አስከትዬ ተመልሼ ለካሁት። ከተቀመጥሁበት እስከ ገደሉ አፋፍ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እስከ ሰፈሩ ሁለት መቶ አይሞላም። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ አስፍሬያለሁ።

አምስቱንም ቀን ጨረስን። ጨነቅ ላይ ዋልያዎች ቋጥኝ ለቋጥኝ ሲዘሉ መጀመሪያ ያየው ምስጋናው ነበር፤ እዩት እዩት ብሎ ጮኾ አስበረገጋቸው። ማንም አልተቆጣውም።

መተማ አልሄደም። ዛሬ ከደጉ ጋር ተራራ ላይ ይሠራል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ልል አልችልም፤ ሳህን ሲወድቅ ዛሬም ይወጣል፣ ግን ተመልሶ ይገባል። ከሥራ ሲመጣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጠራኛል። በእጄ ሥራ አልያዝሁም፤ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ ድምፁም የማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያው አልመልስም። በሁለተኛውም አልመልስም። ጎረቤቶቼ ይህችን ሴት ጆሮዋን ምን ነካት ይላሉ።

ይበሉ። እኔ ሦስቱንም መስማት እፈልጋለሁ።