እትዬ አያልፍም እና ባለአንድ ዓይኑ ማሽን

ሰፈር ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት፣ እትዬ አያልፍም፣ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ተጭኖ ከመጣ ማሽን ጋር ገጥማ አሸነፈችው። ማሽኑ በደቂቃ አራት መቶ የሽቦ ሞላ ይመረምራል ቢባል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና አምስት መቶ መረመረች። ማሽኑ ከንዴት ብዛት ጭስ ተፋ፤ በመጣበት ሣጥን ታሽጎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያመጣው መሐንዲስም ጣቶቿን ፎቶ አንስቶ አለቀሰ። በዚህ የተነሳ አገሪቱ በዓለም የተወዳዳሪነት ሠንጠረዥ ላይ አሥራ አንድ ደረጃ ዘላ ወጣች። የጎረቤት አገር የንግድ ሚኒስትር በዚያው ሰሞን ደም ግፊት የያዘው በእሷ አውራ ጣት ነው የሚሉም አልጠፉ።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ሐሳብ ሲጨመርበት ግን ይኼ ወሬ እንደ ጠበበ ሸሚዝ ቁልፉ አልገጥም ይላል። አንደኛ ነገር፣ የወሬው ምንጭ ባልዬው ነው፤ ባልዬው ደግሞ ለሃያ ዓመት ሙሉ “ሱሪው ነገ ይደርሳል” ሲል የኖረ ሰው ነው። ደግሞስ እትዬ አያልፍም ያለ መነጽሯ የቤቷን በር ትታ የጎረቤት በር የምታንኳኳ ሴት ናት፤ ዓይኗን ጨፍና ምን ልትመረምር? ሠንጠረዡንም ቢሆን አየሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሚታወቀው ይኼ ነው። በፋብሪካው ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መስኮት ሥር ካለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ሞላ ለቅማለች። ሞላዋ እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን የምትመስል፣ ግን እንደ ምስር ያነሰች ጥቅልል ሽቦ ናት። እትዬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሐል ታንከባልላታለች። ቀጥ ብላ ከተንከባለለች ወደ ሣጥኑ፤ ትንሽ ካነከሰች “አያልፍም!” ብላ ወደ ቀዩ ቆርቆሮ። ስሟም ከዚያ ወጣ። አመሏ እቤትም ተከትሏት ስለገባ፣ ሰፈር ያሉ ቲማቲም ሻጮች ከሩቅ ሲያዩዋት ከላይ የደረደሩትን መልሰው ይደረድራሉ። ሴት ልጇን የጠየቁ ሁለት ጎረምሶች በዚያው ቃል ተሸኝተዋል። ባሏን እንዴት እንዳሳለፈችው ግን ፋብሪካው እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

የሞላዋ ጉዞ ከሰው ዕድሜ ይረዝማል። ሽቦው ከአንድ አገር በመርከብ ይመጣል፤ እዚህ ይጠቀለላል፤ ሌላ አገር ሄዶ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ቁልፍ ውስጥ ይገባል፤ ቁልፉ ሦስተኛ አገር ሄዶ ማጠቢያው ላይ ይገጠማል፤ ማጠቢያውም ባሕር ተሻግሮ ከፋብሪካው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ መስታወት ውስጥ ይቆማል። እትዬ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ በመስታወቱ ታየዋለች፤ “ሆድህ ውስጥ ያለችውን አውቃታለሁ” ትለውና በእጇ ልታጥብ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ባለፋብሪካው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ።

“ዓለም እየሮጠች ነው! እኛ ጫማ እናስራለን!” አለ። “ገዢዎቻችን ከእንግዲህ በማሽን ዓይን ያልታየ ሞላ አንገዛም ብለዋል። ማሽኑን አምጥቻለሁ። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ሺህ ሞላ ካሳለፈ የሦስት ዓመት ሥራ አገኘን። ካላሳለፈ ሥራው ለጎረቤት አገር ይሰጣል፤ እኛም በሩን ቆልፈን እንሄዳለን።”

“እኛ ለቃሚዎቹስ ጋሼ?” አለች እትዬ።

“እናንተማ ማሽኑ ከሠራ ማሸጊያ ክፍል ትገባላችሁ። እዚያ ወንበር የለም፤ ግን መቆም ለጤና ጥሩ ነው።”

ነገሩ ለእትዬ ግልጽ ሆነላት። ማሽኑ ካለፈ ወንበሯ ይሄዳል፤ ማሽኑ ከወደቀ ፋብሪካው ይሄዳል፤ ከነስድሳ አራት ሠራተኛው።

መሐንዲሱ መጣ፤ ማሽኑን በሁለት ቀን ገጠመ፤ “ከማስነሳታችሁ በፊት መሸፈኛውን ሁሉ አንሱ” ብሎ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ሮጠ። ማሽኑ የጓዳ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ መሐል ግንባሩ ላይ አንድ ዓይን ያለው ነበር። ሞላ ሲያልፍ አረንጓዴ ያበራል፤ ሲወድቅ ቀይ።

አስነሱት። ቀይ። እንደገና ቀይ። እትዬ ራሷ አንድ በአንድ የለቀመቻቸውን ሰጡት፤ ቀይ። ገዢዎቹ ለናሙና የላኩትን፣ በጥጥ ተጠቅልሎ የመጣውን እንኳ አላፈረውም፤ ቀይ! አጠገቧ የምትቀመጠው ቀጭኗ ለቃሚ ሳቋ አፍኗት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

“የኔ እናት፣ ካንቺ የባሰ አያልፍም መጣልሽ!”

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ለቃሚዎቹ መጀመሪያ ሲጠቃቀሱ፣ ሲስቁ ከረሙ። ቀኑ እየተቆጠረ ሲመጣ ግን ሳቁም ቀነሰ። ባለፋብሪካው ከሱሪው ቀድሞ ከሳ። መሐንዲሱ ጋ ደወለ፤ “ዓይኑን አጽዱት” ተባለ።

“አንቺ ነሽ ጥንቁቋ፣ ሰው ምሳ ሲወጣ ወልወል አድርጊው” አላት እትዬን።

መነጽሯን አድርጋ፣ በለስላሳ ጨርቅ ዓይኑን ወለወለችው። ጉም እንደለበሰ ነው። ደግማ ወለወለች፤ ያው ነው። በጥፍሯ ጠርዙን ነካ ስታደርገው ጥፍሯ ሥር የሆነ ነገር ገባ። ስስ ፕላስቲክ!

ወዲያው ገባት። ባለፋብሪካው አዲስ ዕቃ የመጣበትን ፕላስቲክ አያስነሳም። ቢሮው ያለው ወንበር እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር እንደ ተረገጠች ድመት ይጮኻል። መኪናው በፀሐይ ቀን የተሳፋሪውን ጀርባ ይዞ አይለቅም። የስልኩ ፕላስቲክ ከመቆሸሹ ብዛት የደወለለትን ሰው ስም በግምት ነው የሚያነበው። “ፕላስቲኩ ተነሳ ማለት ዕቃው አረጀ ማለት ነው” ይላል። “መሸፈኛውን አንሱ” ሲባልም ትልቁን ሸራ ብቻ አስነሥቶ ኖሯል።

ቀጭኗ ከኋላዋ ደርሳ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ተይው” አለቻት።

“ምኑን?”

“ፕላስቲኩን ነዋ! እንዳላየሽ ሁኚ። አንቺ ካላነሳሽው ማንም አያነሳውም። ወንበራችንም አይነካም።”

“ሥራው ከሄደ ማን ሊከፍለኝ ነው ወንበሩ ላይ የምቀመጠው?”

“ማሸጊያ ክፍል በዚህ ጉልበትሽ ልትቆሚ ነው?”

እትዬ ዞር አለች። መስኮቷን አየች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእሷን ቅርጽ የያዘችውን የወንበሯን ትራስ አየች። ከዚያ ቀዩን ቆርቆሮ አየች። ቆርቆሮው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከላይ ያሉትን ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መሐል አንከባለለቻቸው። አንዷም አታነክስም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ሞላ እንደ ጉድፍ ሲጣል ከርሟል። እሷ ክፉውን አሳልፋ ይሆናል፤ ማን ያውቃል፤ ደህናውን ግን ጥላ አታውቅም።

“ይኼስ ግፍ ነው” አለችና ጠርዙን ይዛ ሳበችው።

ጭርርርር!

ድምፁን ባለፋብሪካው ከቢሮው ሰማ። የራሱ ቆዳ የተገፈፈ ያህል እየጮኸ መጣ። “ምነው! ምነው! አዲሱን ዕቃ!”

“ጋሼ፣ ማሽንህ እኮ ዓይኑ ላይ ፌስታል አስሮ ነው የከረመው።”

ቀዩን ቆርቆሮ አንስታ ማሽኑ ላይ ገለበጠችው። አረንጓዴ። አረንጓዴ። አረንጓዴ እንደ ክረምት መስክ። ባለፋብሪካው ለመደሰትም ለማዘንም ጊዜ አጥቶ፣ ፕላስቲኩን ከወለል ላይ አነሳ፤ በጥንቃቄ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ምናልባት ማታ ማታ ይለብሰዋል ብሎ ይሆናል።

አሥር ሺው በዚያው ቀን ሳይመሽ አለፈ። የሦስት ዓመቱ ውል ተፈረመ። ከንግድ ቢሮ የመጣ ኃላፊ “ተወዳዳሪነት” የሚለውን ቃል አሥራ ሰባት ጊዜ ተናግሮ ለማሽኑ አጨበጨበ። እትዬም ማሸጊያ ክፍል ገባች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ባሏ ሱቅ ጎራ ስትል፣ ባልዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወሬውን ጭሱ ላይ አድርሶት ነበር። ወገቡን ሊለካ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የቆመ ጎረቤት እንዳያት እጁን ሳያወርድ ጮኸ።

“እትዬ፣ ማሽኑን ድራሹን አጠፋሽው አሉ! እውነት ነው?”

“ውሸት ነው” አለች፤ ያበጠ እግሯን ለማሳረፍ በርጩማ ስባ እየተቀመጠች። “ማሽኑ ነው ያሸነፈኝ። እሱ በደቂቃ አራት መቶ ያያል፣ እኔ ሃያ። አልጨሰም፤ አልተመለሰም፤ ወንበሬ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። መሐንዲሱ ጣቴን አይቶት አያውቅም። ስለ አገር ደረጃ የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ያደረግሁት ፕላስቲክ መላጥ ነው።”