የማር ዕቃ ቤቱ ዝምታ

የምሄድ ለት ማታ ደሴ ቤታችን ውስጥ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። እናቴ በሶውንና በርበሬውን ሻንጣዬ ውስጥ እያጨቀች ታለቅሳለች፤ ወንድሞቼ ዓይናቸውን ያሸሹብኛል፤ ጎረቤቶች "ቦንጋ እኮ ጫካ ነው አሉ" እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ ግን በሁለት ክፍል ቤት ከሰባት ሰው ጋር ነው ያደግኩት። አንድ ስዕል ጀምሬ ማንም ሳይነካብኝ የጨረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ተመርቀን የስዕል መምህርነት ምደባ ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ እዚያው ደሴ ነበር። ቦንጋ የደረሳት አብራኝ የተማረችው ትዕግስት ናት። ትዕግስት ወልዲያ፣ ከአንዲት አክስቷ ጋር፣ ጭር ባለ ቤት ነው ያደገችው። "ሰው በማላውቅበት አገር ብቻዬን መሞቴ ነው" ብላ ስታለቅስ "እንቀያየር" አልኳት። ሁሉም መረቀኝ። እናቴማ "ልጄ ለጓደኛዋ ስትል አገር አቋርጣ ሄደች" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች፤ ትዕግስትንም በእኔ አልጋ ላይ አስተኛቻት። እኔ ግን የሄድኩት ለትዕግስት ብዬ አልነበረም። የሚዘጋ በር ፈልጌ ነው።

የጎጀብን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ መንገዱ አረንጓዴ ውስጥ ገባና ሳይወጣ ቀረ። የደሴ ጉም ወርዶ ይነሳል፤ የቦንጋ ዝናብ ግን እንደ ዘመድ መጥቶ ይቀመጣል። ባጃጁ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ እትዬ አበበች ግቢ አደረሰኝ። እትዬ አበበች አከራዬ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉትም እዚያው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና በሬን ከመዝጋቴ ተንኳኳ።

"ቲቸር፣ አመመሽ?"

"ኧረ ደህና ነኝ እትዬ። ሥራ ይዤ ነው።"

"በር ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ምንድን ነው?"

"ስዕል ነው።"

"ታዲያ ስዕል ይሰረቃል?"

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ቆጮና ጎመን ይዘው ገቡ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ "ሰው ብቻውን አይበላም" አሉና እስክጨርስ ሲያዩኝ ቆዩ። እኛ ቤት ሲበላ ማን እንደበላ እንኳ የሚያይ የለም። በማግስቱ ጎረቤታቸውን አመጡልኝ፤ በሳምንቱ የጎረቤታቸውን እህት። ዓይናፋር ነኝና ውጡልኝ ማለት አልቻልኩም። በመጨረሻ ከግቢው ጀርባ፣ ወደ ጫካው የዞረችውን ክፍል እንዲያከራዩኝ ለመንኳቸው።

"እሷ እኮ የማር ዕቃ ቤት ናት! ንብ ይገባል።"

"ንብ አያወራም፣ እትዬ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲህ ከሰው ንብ ከመረጥሽ" አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላንኳኳም።

ያንን ሁሉ ዓመት የተመኘሁትን ዝምታ አገኘሁት። ጠዋት ወፍ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ከግድግዳው የማይለቅ የማር ሽታ። ወረቀት ወጥሬ ተቀመጥኩ። ዛፍ ሳልኩ፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ዛፍ መሰለ። ቀደድኩት። ሌላ የምስለው ሳጣ በሩን ሳልኩ። በማግስቱም በሩን ሳልኩ።

ትዕግስት ስዕሏን ፎቶ አንስታ በስልክ የላከችልኝ ይሄኔ ነው። በከሰል የተሳለ የእኛ ቤት። ትንሹ ወንድሜ አንድ እግሩ ከፍራሹ ወጥቶ ተኝቷል፤ እናቴ ምስር ትለቅማለች፤ አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ አለ። እናቴ ጠባሳ እንዳላት አላውቅም ነበር። ስህተት ፈለግኩ። የቁም ሳጥኑ አንድ እግር በጡብ የተደገፈ ነው፤ እሱን ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ። ፎቶውን ሳሰፋው ጡቡ አለ።

ደወልኩላት። "የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትስዪው?"

"እዚሁ፣ መሃላቸው።"

"በዚያ ጫጫታ?"

"ጫጫታ ሲሆን እኮ ማንም ልብ አይለኝም። አክስቴ ቤት እርሳሴ ሲንቀሳቀስ ሳይቀር ይሰማ ነበር። አንቺማ ታድለሽ፣ ጫካ ውስጥ!"

ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ብቸኝነት የሚከራዩት ክፍል ይመስለኝ ነበር። እሷ ከወልዲያ ይዛው መጥታ በእኔ ቤት፣ በእኔ ሰዎች መሃል ዘርግታው ተቀምጣለች። ጓደኛዬ ናት፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ዕጣዬን እንድትመልስልኝ ልጠይቃት ወሰንኩ፤ አስቀድሜ ግን እሑድ ከሰዓት ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ወዬ የኔ ልጅ፣ ነገ ትነግሪኛለሽ። ትዕግስት እየሳለችኝ ነው፤ አፍሽን አታንቀሳቅሺ ብላኛለች።"

እናቴ ለእኔ አንድ ቀን ዝም ብላ ተቀምጣልኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ስልኩን ሳትዘጋው ከጎኗ አስቀመጠችው መሰለኝ፤ የወንድሞቼ ጭቅጭቅ ይሰማኛል፤ ከጭቅጭቁ ሥር ደግሞ ከሰል ወረቀት ላይ ሲሄድ። ከትዕግስት ጎን ብዙ ስለተቀመጥኩ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሲረዝም መስመር ነው፣ ሲያጥር ጥላ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታብኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ትዕግስት አሁን የእናቴ ጉንጭ ላይ ናት። አሁን አንገቷ። ከዚያ ድምፁ ቆመ፤ ቀና ብላ እያየቻት ነው።

እኔም ላያት ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚያወራው አፏ መጣልኝ፤ የማያርፉት እጆቿ መጡልኝ። ዝም ብላ የተቀመጠችውን ሴት ግን አላውቃትም።